ለ14 ወጣት አውራ ዶሮዎች ላባ መንጫ ማሽን መሥራት ያስፈልገኛል?

ጠያቂ፦ ጀማሪ አርቢ

ሰላም ለሁላችሁም። በጓሮዬ ካስፈለፈልኳቸው ጫጩቶች መካከል 14ቱ አውራ ሆነው ተገኝተዋል። አሁን 18 ሳምንት ስለሞላቸውና እርስ በርሳቸው መዋጋት ስለጀመሩ፣ በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎች አርጄ ሥጋቸውን በማቀዝቀዣ ለማስቀመጥ አስቤያለሁ። በሚዛን እንዳየኋቸው አብዛኞቹ 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ።

ከዚህ በፊት በራሴ እጅ ያረድኩት ሦስት ዶሮ ብቻ ሲሆን፣ ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ተበላሽተውብኛል። የመጀመሪያው በእጄ ይዤው ሳለ አምልጦኝ ሲወራጭ ክንፉ ተሰበረና ሥጋው በተቋጠረ ደም ጠቆረ። ሁለተኛውን ከምድጃ በወረደ የፈላ ውኃ ውስጥ ብነክረው ቆዳው ከላባው ጋር ተልጦ ወጣ። በዚህ ደንግጬ ለሦስተኛው ውኃውን ሳበርደው ደግሞ ላባው አልነቀል ብሎ ከአንድ ሰዓት በላይ ስነጭ ቆየሁ፤ በመጨረሻም ሆድ ዕቃውን ሳወጣ ሐሞቱ ፈሰሰብኝ።

ስለዚህ ከአሮጌ የልብስ ማጠቢያ በተፈታ ሞተርና በፕላስቲክ በርሜል፣ ጎማ ጣቶች ያሉት ላባ መንጫ ለመሥራት ጀምሬያለሁ። ጥያቄዬ ይህ ማሽን ለዚህን ያህል ዶሮ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚል ነው። ካልገባውም፣ በቤት ውስጥ ሊሠሩ ከሚችሉ ቀላል ዕቃዎች የትኛውን ላስቀድም?

መልስ 1፦ ላሜራ አጣፊ

የገለጿቸው ጉዳቶች አንዳቸውም ማሽን ባለመኖሩ የመጡ አይደሉም፤ ስለዚህ በርሜሉን መብሳት ከመጀመርዎ በፊት ስለ ማረጃው ጥቂት ልበል።

ክንፍ መሰበሩና ደም መቋጠሩ የሚቀረው ዶሮውን በሾጣጣ ማረጃ ውስጥ በማረድ ነው። ሾጣጣ ማረጃ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ የሆነ ዕቃ ነው፤ ዶሮው ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ ይገባበታል፣ ጭንቅላቱና አንገቱ በጠባቡ አፍ በኩል ይወጣሉ፣ ክንፎቹም ከገላው ጋር ተጣብቀው ስለሚያዙ ሊያርገበግባቸው አይችልም። 2 ኪሎ ለሚመዝን ዶሮ የላይኛው አፍ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የታችኛው 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይስማማል። እኔ ከላሜራ አጥፌ ነው የምሠራው፤ የላሜራው ጠርዝ እጅንም ዶሮንም ስለሚቆርጥ ወደ ውጭ መታጠፍ አለበት። ላሜራ ከሌለዎት እንደ ዶሮው መጠን የ5 ወይም የ10 ሊትር ጀሪካን ወስደው ታችኛውን ክፍል ቆርጠው ይጣሉት፣ አፉንም ጭንቅላትና አንገት እስኪያሳልፍ፣ ትከሻ ግን እስከማያሳልፍ ድረስ ያስፉት፤ ከዚያም ገልብጠው በአንድ ቋሚ እንጨት ላይ በሚስማርና ቀዳዳ ባለው ጠፍጣፋ ብረት (ሮንዴላ) ያጥብቁት። ጀሪካኑ የምግብ ዘይት ወይም ውኃ የነበረበት ይሁን፤ የተባይ ማጥፊያ ወይም ነዳጅ የነበረበትን፣ ምንም ያህል ቢታጠብ፣ አይጠቀሙበት።

ስለ አቆራረጡ አንድ ነገር ላስምርበት እወዳለሁ። በግራ እጅዎ ጭንቅላቱን ይዘው በቀስታ ወደ ታች ይሳቡ፤ ከመንጋጋው አጥንት ሥር ላባውን በጣትዎ ከፍለው ቆዳውን ካገኙ በኋላ፣ በግራም በቀኝም ያሉትን ዋና የደም ሥሮች ሳያመነቱ በጥልቀት ይቁረጡ። ሁለቱም ወገን ከተቆረጠ ዶሮው ቶሎ ራሱን ይስታል፤ በአንድ ወገን ብቻ ከቀረ ግን ሥቃዩ ይረዝማል። ላባው የቢላን ስለት በፍጥነት ስለሚያደንዝ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቢላ ይያዙና በየሁለት ዶሮው መሳያ ላይ ያሳልፉት። ደሙ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ውስጥ ያቆማል፤ ከእንዲህ ዓይነት ዶሮ የሚወርደው ደም 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ መጠኑ አንሶ ቢያዩ አይጠራጠሩ። ከቆረጡ በኋላ የሚታየው መንፈራገጥ የጡንቻ ግብረ መልስ ቢሆንም፣ እንቅስቃሴው ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ድረስ ወደ ሙቅ ውኃው አያስገቡት።

በዋዜማው መኖ ይከልክሏቸው፤ ውኃ ግን አይከልክሏቸው። ከ8 እስከ 12 ሰዓት የቆየ ዶሮ አንጀቱ ባዶ ስለሚሆን ሲከፈት ሥጋውን አያቆሽሽም። ከዚያ በላይ ማስራብ ግን ጥቅም የለውም፤ የአንጀቱ ግድግዳ እየሳሳ በውስጡ ያለውም እየቀጠነ ስለሚሄድ እንዲያውም በቀላሉ ይበጠሳል። በሌሊት በቆጥ ላይ እንዳሉ አንስተው በጨለማ ሣጥን ቢያቆዩዋቸው፣ ጠዋት ማሳደድም ሆነ መደናበር አይኖርም።

መልስ 2፦ ባለ ቴርሞሜትር

ሁለተኛውና ሦስተኛው ዶሮዎ የተበላሹት በአንድ ምክንያት፣ ማለትም የውኃው ሙቀት ባለመለካቱ ነው። ለ14 ዶሮ አንድ ነገር ብቻ የመግዛት ዕድል ቢሰጠኝ፣ እስከ 100 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር እገዛ ነበር።

ላባ ሥር ሰዶ የተያዘበት የቆዳ ቀዳዳ የሚላላው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ነው። ከ50 እስከ 53 ባለው ሙቀት ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ የተነከረ ዶሮ ላባው ይለቃል፤ የቆዳው የላይኛው ስስ ሽፋንም እንዳለ ይቀራል፤ ነገር ግን ጥቂት ዲግሪ ቢቀንስ ላባው እምቢ ስለሚል ይህ መንገድ ለጀማሪ አድካሚ ነው። ከ60 እስከ 64 ዲግሪ ሲሆን ከ45 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃል፤ ስሱ ሽፋን ተልጦ ስለሚሄድ ቆዳው ቶሎ ይደርቃል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ለእርስዎ የምመክረው 62 ዲግሪን ነው። ከ70 ካለፈ ቆዳው መብሰል ይጀምራል፤ የበሰለ ቆዳ ደግሞ ምንም ያህል ቢጠነቀቁ ከላባው ጋር ይወጣል።

ቴርሞሜትር እስኪያገኙ በመለኪያ ዕቃ ማደባለቅ ይቻላል። በባሕር ወለል አካባቢ ሦስት እጅ የፈላ ውኃ ከሁለት እጅ 20 ዲግሪ ከሆነ ውኃ ጋር ቢደባለቅ በስሌት 68 ዲግሪ ይሆናል፤ ዕቃው ራሱ ጥቂት ሙቀት ስለሚወስድ በተግባር ወደ 65 ይወርዳል። በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ግን ውኃ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ቀንሶ እንደሚፈላ ማስታወስ አለበት፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ያው ሦስት ለሁለት የሆነ ድብልቅ 63 ዲግሪ ብቻ ይሰጣል፤ ዕቃው ሲቀዘቅዘው ደግሞ ከ60 በታች ሊወርድ ይችላል። አንዱ የሠራበት ልክ ለሌላው የማይሠራው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ድስቱ ሰፊ ይሁን፤ ዶሮው ሙሉ በሙሉ ሰጥሞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። እግሮቹን ይዘው ሲያንቀሳቅሱት ውኃው በላባዎቹ መካከል ገብቶ ቆዳ እንዲደርስ ነው፤ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቢጨመር የላባውን ቅባት ስለሚሰብር ውኃው በቀላሉ ይዘልቃል። ሰዓት ብቻ አይመልከቱ፤ ከ40 ሰከንድ በኋላ ከክንፉ ጫፍ አንድ ትልቅ ላባ ይሳቡ፣ ያለ ትግል ከወጣ ይበቃዋል። በየዶሮው ውኃው ከአንድ እስከ ሁለት ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ አጠገብዎ የፈላ ውኃ ይኑር፤ ውኃው በደምና በኩስ ሲደፈርስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይቀይሩት።

ከወጣ በኋላ በመጀመሪያ የሚነጩት የክንፍና የጅራት ትላልቅ ላባዎች ናቸው፤ ቀዳዳቸው ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ስለሚጨብጣቸው ቢዘገዩ ጉጠት ያስፈልጋል። የደረትና የታፋ ቆዳ ስስ ስለሆነ በዚያ አካባቢ ጥቂት ጥቂቱን ይንቀሉ። በመጨረሻ በቆዳው ላይ የሚቀሩትን ጸጉር መሰል ላባዎች በእሳት ነበልባል ላይ ፈጠን አድርጎ መለብለብ ያጠፋቸዋል። የ18 ሳምንት አውራዎች ላባቸውን በመቀየር ላይ ከሆኑ ገና ያልፈነዱ እሾህ መሰል ላባዎች በቆዳቸው ሥር ይበዛሉ፤ ዛሬ ምሽት አንዱን ይዘው ላባውን ገልጠው ይመልከቱ፣ ብዙ ካዩ ሁለት ሦስት ሳምንት መታገሥ ከስድስት ሰዓት ጉጠት ያድናል።

መልስ 3፦ በርሜልና ሞተር

እኔ ማሽኑን ሠርቼ የምጠቀም ሰው ነኝ፤ እንዲያም ሆኖ ከላይ ከተጻፈው ጋር እስማማለሁ። በትክክለኛ ሙቀት የተነከረ ዶሮ በእጅ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይነጫል፤ እጅዎ ሲለምድ ወደ 5 ይወርዳል። ማሽኑ ይህን ሥራ በ20 ወይም በ30 ሰከንድ ይጨርሰዋል፤ ነገር ግን ከልክ በላይ የተነከረውን ዶሮ ቆዳውን በዚያው 20 ሰከንድ ገፍፎ ይሰጥዎታል። በዓመት 50 እና ከዚያ በላይ የሚያርድ ሰው ይሥራው፤ ለ14 ዶሮ ግን በርሜሉን በመብሳት የሚያልፈው ቅዳሜ ዶሮዎቹን ለመንጨት ከሚወስደው ቅዳሜ ይረዝማል። (ይህን የምለው ቀዳዳዎቹን በመብሳት ሁለት ቅዳሜ ካሳለፍኩ በኋላ ነው።)

ለወደፊቱ ግን አይጣሉት። በደቂቃ 1,450 ጊዜ የሚዞር ሞተር በበርሜሉ ግርጌ ከሚዞረው ሳህን ጋር ቀጥታ ቢያያዝ ዶሮውን ይሰባብረዋል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ፑሊ (ቺንጋ የሚጠመጠምበት መዘውር) በቺንጋ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ቢያዞር ፍጥነቱ ወደ 240 ይወርዳል፣ ለዚህ ሥራ የሚስማማውም ይህ አካባቢ ነው። የልብስ ማጠቢያ ሞተሮች አንዳንዶቹ ከዚህ እጅግ በበለጠ ፍጥነት ስለሚዞሩ በሞተሩ ገላ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያነቡ አይጀምሩ።

ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ ኤሌክትሪኩ ነው። ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ በላዩ ላይ ውኃ ያለማቋረጥ ይፈስበታል፤ እርስዎም በእርጥብ መሬት ላይ በእርጥብ እጅ ይቆማሉ። ሞተሩ ውኃ በማያስገባ ሽፋን ካልተከደነ፣ የብረቱ አካል ከመሬት ጋር በሽቦ ካልተያያዘና መስመሩ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያመልጥ በቅጽበት የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ከሌለው፣ ገመዱን ሶኬት ላይ አይሰኩት። የዚህ ሥራ ልምድ ያለው ባለሙያ አይቶ ያጽድቅልዎ።

መልስ 4፦ በሥጋ ንጽሕና ቁጥጥር የሠራሁ

ሰዎች ስለ ላባ ብዙ ይጨነቃሉ፤ ሰውን የሚያሳምመው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉት ባክቴሪያዎች ፍጹም ጤነኛ በሚመስል ዶሮ አንጀትና ላባ ላይ ይኖራሉ፤ ስለዚህ ሥራው ቆሻሻና ንጹሕ ተብሎ በሁለት ቦታ ይከፈል። የሚያርደውና የሚነጨው ሰው፣ ቢላውም ሆነ ሽርጡ፣ ወደሚከፈትበት ጠረጴዛ አይሻገር። ረዳት ካለዎት ሥራውን በዚህ መስመር ይከፋፈሉ፤ ብቻዎን ከሆኑ ግን ሰባቱን አርደውና ነጭተው በቀዝቃዛ ውኃ ካቆዩ በኋላ፣ እጅዎን በሳሙና ታጥበውና ቢላ ቀይረው ወደ መክፈቱ ይሂዱ። በአንድ ቀን ከሰባት በላይ አያርዱ።

ጠረጴዛው እንጨት ከሆነ ባክቴሪያው በስንጥቁ ስለሚቀር ወፍራም ፕላስቲክ ያልብሱት። ከሥራው በፊትም በኋላም በሳሙና ታጥቦ፣ ከዚያ በ4 ሊትር ውኃ 15 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና በተበጠበጠበት ውኃ ይጠረግ። ሳሙናው ይቅደም፣ ስብና ደም ባለበት ላይ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አያደባልቁት፤ የሚወጣው ጋዝ መርዛማ ነው።

አሁን ወደ ሐሞቱ። ሐሞት አረንጓዴ ከረጢት ሆኖ ከጉበቱ ጋር ተጣብቆ ይገኛል፤ የሚፈሰውም ብዙ ጊዜ ጉበቱን ነጥሎ በመጎተት ነው። እግሮቹን በመገጣጠሚያው ላይ ቆርጠው፣ ጭንቅላቱን አንስተው፣ ከጅራቱ በላይ ያለውን የቅባት እጢ ከሥሩ ፈልቅቀው ከጣሉ በኋላ፣ በአንገቱ በኩል ያለውን ቆዳ ከፍተው የምግብ ማጠራቀሚያ ከረጢቱንና ሁለቱን ቧንቧዎች (የምግብና የአየር) ከቆዳው በጣትዎ ያላቅቁ። ይህን ሥራ የዘለለ ሰው ከኋላ ሲጎትት ሁሉም ነገር መሀል ላይ ስለሚበጠስበት ነው የሚቸገረው። ከዚያም ከፊንጢጣው በላይ፣ በደረቱ አጥንት ጫፍና በፊንጢጣው መካከል፣ ቆዳውን ብቻ በትንሹ ይቅደዱ፤ ቢላውን ወደ ውስጥ ሳያስገቡ ቀዳዳውን በጣትዎ ያስፉትና በፊንጢጣው ዙሪያ ቆርጠው አንጀቱን ሳይነኩ ነጻ ያድርጉት። እጅዎን የደረቱን አጥንት ተከትለው እስከ ልቡ ድረስ ያስገቡ፤ ጣቶችዎን በልቡ ዙሪያ አጥፈው ሁሉንም በአንድ ላይ፣ በዝግታና ባለማቋረጥ ወደ ውጭ ይሳቡት። ጉበቱ ከአንጀቱ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ሐሞቱን በጠረጴዛው ላይ በእርጋታ፣ ትንሽ የጉበት ሥጋ ጨምረው ይቆርጡታል። ሳንባው ብቻ በጎድን አጥንቶቹ መካከል ተወሽቆ ስለሚቀር በጣት ጫፍ ፈልቅቀው ያውጡት። ሐሞት ቢፈስ ወዲያው በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ይጠቡት፤ አንጀት ቢበጠስ ግን መታጠብ ብቻ ስለማይበቃ የቆሸሸውን ሥጋ ቆርጠው ይጣሉት።

ከዚያ በኋላ ውድድሩ ከሙቀት ጋር ነው። የዶሮ ገላ ሲታረድ 41 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባለ 2 ኪሎው ሥጋ በ4 ሰዓት ውስጥ እስከ መሀሉ 4 ዲግሪ መድረስ አለበት። አራት ሙቅ ዶሮ በአንድ ጊዜ በቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢደረደሩ ይህ አይሆንም፤ ያሉትን ሌሎች ምግቦችም ያሞቃሉ። በንጹሕ ባልዲ ውስጥ ቢያንስ ከሥጋው ክብደት ጋር እኩል የሆነ በረዶ ከውኃ ጋር ቀላቅለው ይዝፈቁት፤ በረዶው ሲያልቅ ይተኩ። ስለዚህ በረዶውን ሳምንቱን ሙሉ በፕላስቲክ ጠርሙስ ማዘጋጀት ማሽን ከመሥራት የሚቀድም ሥራ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ጡንቻው ደርቆ ስለሚገተር ከ12 እስከ 24 ሰዓት በማቀዝቀዣ ቆይቶ ሲለሰልስ ነው ወደ ፍሪዘር የሚገባው፤ ሳይለሰልስ የበረደ ሥጋ ሲበሰል ጎማ ይሆናል። የፍሪዘሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሁን፤ ሲበሰልም መሀሉ 74 ዲግሪ ይድረስ።

ጠያቂ፦ ጀማሪ አርቢ

ስለ ሰጣችሁኝ ዝርዝር መልስ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በርሜሉን አስቀምጬ ሁለት ማረጃዎችን ከጀሪካን ሠራሁ፤ ቴርሞሜትርም ገዛሁ። በዚህ ቅዳሜ ሰባቱን አረድኩ፤ ውኃውን 62 ላይ ይዤ ለ55 ሰከንድ ስነክር ላባው እንደ እርጥብ ሣር ነው የተነቀለው፤ አንድም ቆዳ አልተቀደደም። ሐሞት የፈሰሰብኝ በአንዱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ከሰባቱ የስድስቱ ጉበት ጥቁር ቀይ ሆኖ ለስላሳ ሲሆን፣ የአንዱ ግን አብጦ በላዩ ላይ ነጫጭ ቢጫ ነጥቦች አሉበት። ዶሮው ሲታረድ ከሌሎቹ ቀለል ያለ ከመሆኑ በቀር የታመመ አይመስልም ነበር። ጉበቱን ጥዬ ሥጋውን ማስቀመጥ እችላለሁን? ላባውንና ደሙንስ የት ላድርገው?

መልስ 4፦ በሥጋ ንጽሕና ቁጥጥር የሠራሁ

አይችሉም፤ ሙሉውን ዶሮ ይጣሉ። እንዲህ ያሉ ነጥቦችን የሚያመጡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ከባክቴሪያ ቁስለት እስከ ጥገኛ ተሕዋስያንና እስከ ዕጢ ድረስ ይዘልቃሉ፤ በዓይን ብቻ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ክብደቱ ከወንድሞቹ ማነሱም ቀድሞ የታመመ መሆኑን ያመለክታል። ለውሻም ሆነ ለሌሎቹ ዶሮዎች አይስጡት። ጉበቱን በሁለት ፕላስቲክ ከረጢት አድርገው በፍሪዘር ሳይሆን በማቀዝቀዣ ብቻ ከምግብ ለይተው አቆይተው ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ፤ በዚያ ዶሮ ላይ የዋለውን ቢላና ጠረጴዛ በበረኪናው ውኃ እንደገና ያጽዱ። የቀሩትን ሰባት ከማረድዎ በፊት የሐኪሙን መልስ ይጠብቁ። እግረ መንገዴን፣ መድኃኒት የወሰደ ዶሮ ካለ በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው የመታገሻ ቀን ሳያልቅ አይታረድም።

መልስ 1፦ ላሜራ አጣፊ

ስለ ተረፈው ነገር እኔ ልመልስ። የጤነኞቹ ላባ፣ ደምና አንጀት ናይትሮጅን የበዛባቸው ስለሆኑ ጥሩ ብስባሽ ይሆናሉ፤ ነገር ግን ከታች 30 ሴንቲ ሜትር ሰጋቱራ ወይም ጭድ አንጥፈው፣ በላዩም ያንኑ ያህል ካልሸፈኑት ይሸታል፣ ውሻና ዝንብም ይሰበስባል። ላባው ከሁሉ ዘግይቶ ስለሚበሰብስ በአንድ ቦታ አይከምሩት፤ ይበትኑት። ብስባሽ የሌለዎት ከሆነ ከውኃ ጉድጓድ ርቀው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍረው ይቅበሩት። የታመመውን ዶሮ ግን ከብስባሹ ጋር አይቀላቅሉ፤ ለብቻው ጠለቅ ባለ ጉድጓድ ይቀበር፣ ወይም ሐኪሙ እንደሚነግርዎ ይደረግ።